ቀድማ ከጨረሰችስ? ለፈጣን ልጅ ትምህርት ቤት ሲመረጥ የሚነሡና የማይነሡ ጥያቄዎች

ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አንድ አባት ወደ ቢሮዬ መጡ። በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ወንበር ላይ አረፍ እንዳሉ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ። በወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ጥያቄዎች ተጽፈዋል። የ8ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤቷን የምትጠባበቅ የ13 ዓመት ልጅ አለቻቸው።

«ዶክተር፣ ይቺ ልጅ ከእኔ ዐቅም በላይ ሆናብኛለች» አሉኝ። በአነጋገራቸው ውስጥ ኩራትም ሥጋትም ነበረበት። ልጅቷ ሻይ ስትጥድ ውሃው ከመፍላቱ በፊት ለምን እንደሚጮኽ፣ ሲፈላ ደግሞ ለምን ድምፁ እንደሚለዝብ የሳይንስ መምህሯን ጠይቃ፣ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» ተብላ መመለሷን አጫወቱኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከማንቆርቆሪያው ግርጌ የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ገና በቂ ሙቀት ወዳላገኘው የላይኛው ውሃ ሲደርሱ በድንገት ይጨፈለቃሉ፤ የምንሰማው ጩኸት የዚያ መጨፍለቅ ድምፅ ነው። ውሃው ሁሉ ሲግል ግን አረፋዎቹ ሳይጠፉ እስከ ላይ ስለሚዘልቁ ድምፁ ይለዝባል። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻቸውን አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ብዙ ተማሪ የሚያሳልፈው የትኛው ትምህርት ቤት ነው? ልጄ በእርግጥ የተለየ ተሰጥኦ አላት ወይስ ጎበዝ ብቻ ናት? ክፍል ዘልላ ብትማር ይሻላት ይሆን? አዳሪ ትምህርት ቤት ብትገባ ትጎዳብኛለች? ክፍያውንስ እንዴት እችለዋለሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ለቀሩት ግን ያን ዕለት ከሰጠሁት የተሻለ መልስ ሊኖር እንደሚገባ ስለተሰማኝ፣ በጉዳዩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ጀመርሁ።

ይህን ለወላጆች ሳይሆን ለእናንተ ለተማሪዎች መጻፌ ያለ ምክንያት አይደለም። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ለታናናሾቹ ትምህርት ቤት እንዲመርጥ የሚጠየቀው ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ ነው። ከእናንተም መካከል ያቺን ልጅ የሚመስሉ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ወንፊትና ወፍጮ

አባትየው በቅድሚያ ያነሡት ጥያቄ አብዛኛው ወላጅ የሚያነሣው ነው፤ ይህም አያስገርምም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 ይበልጡ ነበር። ያስፈተኗቸውን ሁሉ ያሳለፉት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ተማሪዎቻቸውን በመግቢያ ፈተና አወዳድረው የሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙባቸዋል። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ወላጅ ልጁን ወደዚያው ለመላክ ቢሯሯጥ ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ተሽከርካሪ የመጨረሻ ፍጥነት የሁለት ነገሮች ድምር ነው፤ ሲነሣ የነበረው ፍጥነትና በመንገድ ላይ የጨመረው ፍጥነት። የመጨረሻውን ብቻ የነገረን ሰው ስለ ሞተሩ ጥንካሬ ምንም አልነገረንም። ከወፍጮም ከወንፊትም የላመ ዱቄት ይወርዳል፤ ወንፊቱ ግን አንዲት ቅንጣት አልፈጨም። መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ምን ያህሉን እንደነፋና ምን ያህሉን እንደፈጨ የማለፊያው ቁጥር ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

ታዲያ ሁለቱ በምን ይለያሉ? ፍቱኑ መንገድ ሙከራ በሆነ ነበር፤ እኩል ችሎታ ያላቸውን ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ወደ ስመ ጥሩው፣ እኩሌታውን ወደ ተራው ትምህርት ቤት መላክ። ይህን የሚፈቅድ ወላጅ አይገኝም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ግን የመግቢያ ፈተናው ራሱ፣ ሳይታሰብ፣ እንዲህ ያለ ሙከራ እንደሚያካሂድ አስተዋሉ። የመግቢያው ነጥብ 400 ነው እንበል። 400 ያመጣችው ልጅ ገባች፤ 399 ያመጣችው ቀረች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ጥያቄ፣ ምናልባትም የአንድ ማለዳ የራስ ምታት ልዩነት ነው። እንግዲህ ከመቁረጫው ነጥብ ወዲህና ወዲያ የቀሩ በርካታ ልጆችን ከዓመታት በኋላ ብናወዳድር፣ የምናገኘው ልዩነት ከሞላ ጎደል ትምህርት ቤቱ የጨመረው ነው ማለት ነው። እኔ እንደ ፊዚክስ ሰው በዚህ ዘዴ ቀላልነት እጅግ ተደስቻለሁ። ዘዴውን በመሰሉ ተፈጥሯዊ ሙከራዎች ላይ ከሠሩት አንዱ የሆነው ጆሹዋ አንግሪስት እ.ኤ.አ. በ2021 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ምሁራን አንዱ ነው።

አድሪየን ሉካስና አይዛክ ምቢቲ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የጎረቤታችንን የኬንያን ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል። እነዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመላ አገሪቱ ምርጥ ምርጡን ተማሪ የሚሰበስቡና የተሻለ አቅርቦት ያላቸው ናቸው። ተማሪዎቻቸውም በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ግንባር ቀደም ናቸው። ከመቁረጫው ነጥብ ግራና ቀኝ ያሉት ሲነጻጸሩ ግን በማጠናቀቂያው ፈተና ውጤት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት አንግሪስት ከአቲላ አብዱልካዲሮግሉና ከፓራግ ፓታክ ጋር ባወጣው ጥናት፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ ከተሞች በፈተና ስለሚያስገቡ ዝነኛ ትምህርት ቤቶች የተገኘው ውጤት ተመሳሳይ ነው።

ይህ ማለት ግን ትምህርት ቤት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚደመድም ተማሪ ጥናቱን በትክክል አላነበበም። በመጀመሪያ ዘዴው የሚናገረው በድንበሩ ላይ ስላለችው ልጅ ነው፤ ከመቁረጫው ነጥብ እጅግ ርቃ ስለምትገኘው ልጅ የሚለው ጥቂት ነው። ሁለተኛም የተለካው የፈተና ውጤት ብቻ ነው። በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሳይንስ የሚባል የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ከቀድሞ ተማሪዎቹ መካከል ሰባቱ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሼልደን ግላሾውና ስቲቨን ዋይንበርግ በዚያ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ግላሾው የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ፣ እርሱና ጓደኞቹ በምድር ውስጥ ባቡር ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ ፊዚክስ ለመማር እርስ በርስ ይገፋፉ እንደነበር አስታውሷል። ባቡሩ ላይ የተደረገውን ውይይት የትኛውም የማጠናቀቂያ ፈተና አይለካውም። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሸለሙት ግን ከሦስተኛ ሰው ጋር ነበር፤ እርሱም አብዱስ ሳላም ነው። ሳላም ያደገው ጃንግ በምትባል፣ ዛሬ በፓኪስታን በምትገኝ የገጠር ከተማ ውስጥ ነው። ብሮንክስ ሳይንስን አያውቀውም።

ስለዚህ አባትየው «ስንት አሳለፈ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ሲገቡ ምን ነበሩ?» የሚለውን ሊጠይቁ ይገባቸው ነበር። ከዚህም ሌላ «ልጄ ከማን ጋር ወደ ቤት ትመለሳለች?» የሚል ጥያቄ ነበረ።

መለኪያው ሲያልቅ

«በእርግጥ ተሰጥኦ አላት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ አባትየው ማስረጃ ይዘው ነበር፤ ልጅቷ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በሒሳብ ከ100 በታች አምጥታ አታውቅም። እኔም ያን ዕለት «እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?» አልኋቸው። ስሕተት ነበር። የትኩሳት መለኪያ ቴርሞሜትር እስከ 42 ዲግሪ ድረስ ብቻ ያነባል። የአዲስ አበባ የፈላ ውሃ ግን ከ92 ዲግሪ በላይ ነው፤ እዚያ ብንነክረው፣ ካልተሰበረ፣ 42 ብሎ ይቆማል። 100 ከ100 የሚነግረንም ፈተናው ማለቁን ነው። ልጅቷ የት እንደምትደርስ አይነግረንም።

ይህን ችግር በሥራ ላይ ያዋለው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው ጁሊያን ስታንሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በክፍላቸው ሒሳብ አንደኛ ለሚወጡ የ12ና የ13 ዓመት ልጆች ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የተዘጋጀውን የሒሳብ ፈተና ሰጣቸው። በየክፍላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት የነበራቸው ልጆች እዚህ ላይ ተበታተኑ፤ አንዳንዶቹ ከ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በልጠው ተገኙ።

መለኪያው ትክክል ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚከተል ደግሞ የሉዊስ ተርማን ታሪክ ያሳያል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና ሊቅ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 የማሰብ ችሎታ ፈተና እየሰጠ ወደ 1,500 የሚጠጉ የካሊፎርኒያ ልጆችን መረጠ፤ የእድሜ ልክ ሕይወታቸውም ተጠና። ተፈትነው ነጥባቸው ስላልሞላ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙባቸዋል። ሾክሊ በትራንዚስተር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ከተመረጡት 1,500 ልጆች ግን አንድም የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም። ለልጁ የማሰብ ችሎታ ቁጥር ለማግኘት ገንዘብ የሚከፍል ወላጅ ቢኖር ይህን ታሪክ አስቀድሞ ቢሰማው ደግ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት መጽሐፍ ለልጅቷ ሰጥቶ የት ላይ እንደምትቆም መመልከት ምንም ወጪ የለውም፤ የሚያስተምረው ግን ይበልጣል።

ደብል መምታት

በእኔ የልጅነት ዘመን ጎበዝ የተባለ ልጅ «ደብል ይመታ» ነበር። እኔም ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ክፍል ተሻገርሁ። ሰፈሩ ሁሉ መረቀኝ። ክፍልፋይ የሚሰጠው በአራተኛ ክፍል መሆኑን ማንም አላሰበበትም። ክፍልፋይን በክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛው ለምን ተገልብጦ እንደሚባዛ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሌሎችን ማስጠናት ስጀምር ነው። እስከዚያ ድረስ እንደ ድግምት ነበር የምሠራበት።

ከዚህ የተነሣ መዝለልን የምቃወም ይመስላችሁ ይሆናል። ጥናቶቹ ግን ከእኔ ቅሬታ ጋር አይስማሙም። በአሜሪካ ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሰፊ ዘገባ የብዙ ዓመታት ምርምሮችን አሰባስቦ፣ በጥንቃቄ የተመረጡ ፈጣን ልጆች ወደፊት ቢገፉ በትምህርታቸው እንደሚጠቀሙ፣ በማኅበራዊ ኑሯቸው ይጎዳሉ የሚለው ሥጋት ግን በአብዛኛው ማስረጃ እንደሌለው አሳይቷል። በአውስትራሊያ እጅግ የተለየ ችሎታ ያላቸውን ልጆች ለረዥም ጊዜ የተከታተለችው ሚራካ ግሮስም ብቸኝነት የሚያጠቃቸው ይበልጡን ከእኩዮቻቸው ጋር እንዲቆዩ የተገደዱት መሆናቸውን ጽፋለች። ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። አንድ ነገር አምስት ጊዜ ሲደገም እየሰማ የሚቀመጥ ልጅ ከሰዎች መካከል ሆኖ ብቻውን ነው።

ዋናው ጉዳይ አዘላለሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በአዴሌይድ የተወለደው ቴረንስ ታኦ በሦስት ዓመት ተኩሉ ትምህርት ቤት ቢገባም ገና መሆኑን ያዩት ወላጆቹ ከሳምንታት በኋላ አስወጡት። በኋላም አንድ ላይ ሁሉንም ክፍል አልዘለለም። በስምንት ዓመቱ ሒሳብን ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር፣ ሌላውን ትምህርት ግን ወደ እድሜው ከቀረቡት ጋር ይማር ነበር። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ከ1986 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ነሐስ፣ ብርና ወርቅ አገኘ፤ በ2006 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለመ። ወላጆቹ ያደረጉት የትምህርት ዓይነቶቹን ለያይቶ መመልከት ነው። በእኔ ጊዜ የተሠራው ልጁን እንደ ዕቃ አንሥቶ ሁለት መደርደሪያ ወደ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

ስለ አዳሪ ትምህርት ቤት አጭር መልስ አለኝ። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1963 በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለባለ ተሰጥኦ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ራሱ ጠመኔ ይዞ ያስተምር ነበር። በአገራችንም በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረው የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆችን በአንድ ላይ ያገናኝ ነበር። በትውልድ ቀዬአቸው የሚመስላቸው ላላገኙ ልጆች ይህ መገናኘት ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም 13 ዓመት ገና ልጅነት ነው። ሌሊት ብታለቅስ የሚሰማት ሰው መኖር አለመኖሩን ከቤተ ሙከራው በፊት አይ ነበር።

በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ጥያቄ

ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ስሄድ 26 ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ወጥቼ አላውቅም። በመጀመሪያው ሴሚስተር የኤሌክትሮዳይናሚክስ መምህሩ አምስት ጥያቄዎች ሰጡን። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ተቀምጬ አንዱንም መፍታት አቃተኝ። የክፍል ጓደኞቼ ማታ ማታ በአንድ ባዶ ክፍል ተሰብስበው፣ ሰሌዳው ፊት እየተሳሳቱና እየተሳሳቁ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያጠፋ ይሠሩ ነበር። እኔ በሬን ቆልፌ ተቀመጥሁ። አለማወቄ እንዳይታወቅብኝ «አሞኝ ነበር» ብዬ ባዶ እጄን ቀረብሁ። በዚያው ወር ወደ አገሬ ለመመለስ የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ጠይቄ እንደነበር እስከ ዛሬ ለእናቴ አልነገርኋትም።

የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም፤ የተማርሁት ፊዚክስ በቂ ነበር። ሃያ ዓመት ትምህርት ቤት ስኖር ግን የማልችለው ጥያቄ ፊት ተቀምጬ መዋል አልተማርሁም። ሌሎቹ ልጆች ይህን በየቀኑ ይለማመዱ ነበር፤ መሳሳትን፣ መጠየቅን፣ እንደገና መሞከርን። እኔ በአሥረኛው ደቂቃ እጨርስና እጄን አጣጥፌ እጠብቅ ነበር። መምህራኖቼ ይወዱኝ ነበር፤ ስለማላስቸግራቸው። ከሰዎች ጋር ሰሌዳ ፊት መሳሳትን ለመልመድ አንድ ዓመት ሙሉ ፈጀብኝ። ከእኔ የሚበልጡ ሆነው ያን አንድ ዓመት ሳያገኙ የተመለሱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ይህን ሳሰላስል ቆይቼ ለአባትየው ስልክ ደወልሁላቸውና አንድ ጥያቄ በወረቀታቸው ላይ እንዲጨምሩ ለመንኋቸው። ልጅቷ ከሌሎቹ ቀድማ ከጨረሰች በቀሪዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ምን ትሠራለች? ይህን ለርእሰ መምህሩ ሳይሆን ለሒሳብ ወይም ለፊዚክስ መምህሩ ይጠይቁ፤ ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ክፍል ደጃፍ ላይ ይጠይቁ አልኋቸው።

እርሳቸውም የጽሑፍ ሰው ናቸውና መልሱን እየመዘገቡ ሦስት ትምህርት ቤቶች ዞሩ። በመጀመሪያው፣ ከሁሉም ብዙ ያሳለፈው ነው፣ መምህሩ «በጸጥታ ትጠብቃለች» አላቸው። በሁለተኛው «ደካሞቹን ታስረዳለች» ተባሉ። ይህ ክፉ መልስ አይደለም፤ ማስረዳት ያስተምራል። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ ረዳት መምህር መሆን የልጅ ትምህርት ሊሆን አይችልም። በሦስተኛው፣ ከቤታቸው ሁለት ታክሲ በሚወስደውና ስሙ ብዙም በማይነሣው፣ የፊዚክስ መምህሩ መሳቢያውን ስቦ በእጅ የተጻፉ ጥያቄዎች የሞሉበት የካርቶን ሣጥን አሳያቸው። «ከእነዚህ አንዱን ታወጣለች። አንዳንዶቹን እኔም አልፈታኋቸውም» አለ።

ልጅቷ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ጨረሰች። ክፍል አልዘለለችም። ሒሳብ ብቻ ከ12ኛ ክፍሎች ጋር ትማራለች፤ ባለፈው ሴሚስተርም 71 አምጥታ አባቷን አስደንግጣለች። የማንቆርቆሪያውን ጥያቄ መምህሩን ጠይቃው «አላውቅም፤ ነገ ማንቆርቆሪያሽን ይዘሽ ነይ» ብሏት ነበር። ሁለቱ ቴርሞሜትርና ስልክ ይዘው ጩኸቱ በስንት ዲግሪ እንደሚጀምርና በስንት ዲግሪ እንደሚለዝብ ለካ። በቅርቡ በአባቷ በኩል አንድ ወረቀት ደረሰኝ፤ «ጋሼ፣ አዋሽ ሄደን ብንለካው ጩኸቱ የሚጀምርበት ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ግን ጩኸቱ ከመጀመሩ እስከ መፍላቱ ያለው ልዩነት እዚህም እዚያም እኩል ነው ወይ?» ይላል። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። እስካሁን አልመለስሁላትም።